ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት

በመዋቢያና በንጽሕና ዕቃዎች ውስጥ ስለሚራቡ ጀርሞች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንድ አንባብያን ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። «ስለ ኩልና ስለ ቅባት ለመጻፍ ደግሞ ሕክምና መማር ያስፈልጋልን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም እስካለፈው መስከረም ድረስ እንደዚሁ እናስብ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእንቁጣጣሽ በዓል ሲዘጋጁ አራት እኅቶቻችን በመኝታ ክፍላቸው ከአንድ ማስካራ ተኳሉ። ማስካራው ከተከፈተ ዓመት ያለፈውና የደረቀ ስለ ነበር፣ አንደኛዋ ከቧንቧ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምራ በጠበጠችው። አዲስ መግዛት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከወርኃዊ ድጎማችን ላይ ቆጥበን ወደ ቤተሰብ የምንልክ ሁሉ የዚያን ጠብታ ውሃ ትርጉም እናውቀዋለን። በዓሉም በዘፈንና በእስክስታ ደምቆ አለፈ።

በማግሥቱ ከአራቱ አንዷ ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ አደረ። ወደ እኛ ወደ ሕክምና ተማሪዎቹ መጣች። እኛም አየት አድርገን «እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ያልፋል» አልናት። ይህም አንሶ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ የዓይን ጠብታ ከመሳቢያ አውጥተን ሰጠናት። ጠብታው ኮርቲዞን ያለበት ነበር። በሦስተኛው ቀን ብርሃን ማየት አቃታት፤ በብሌኗም ላይ ነጭ ነጥብ ታየ። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ከቁስሉ ፍቆ ናሙና ወሰደ፤ ማስካራውንም አስመጥቶ አስመረመረ። ከሁለቱም የበቀለው አንድ ዓይነት ባክቴርያ ሆነ። ስሙ ፕስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይባላል።

ሌትና ቀን በየሰዓቱ በተደረገላት ጠብታ ዓይኗ ከመፍሰስ ተርፏል። ይሁን እንጂ በመካከሉ ጠባሳ ስለ ቀረ፣ በዚያ ዓይን የምታየው በጉም ውስጥ እንደሚታይ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የጠየቀችን ራሷ ናት። «ስሜን አትጥሩ፤ ነገሩን ግን አትደብቁ» ብላናለች።

እንግዲህ መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ባክቴርያው ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ አራቱም ከአንድ ዕቃ ተኩለው ሳለ ስለ ምን አንዷ ብቻ ታመመች? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቅባት ለጀርም ቀለብ ነው

ለጀርም መራባት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውሃ ነው። ይህን እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። በሚገባ የደረቀ በርበሬ ሳይበላሽ ይከርማል፤ ውሃ የነካው ግን ይሻግታል። ቅቤም ሲነጠር ውሃው ተንኖ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ለመዋቢያ ዕቃም ሕጉ ይኸው ነው። ደረቅ ፓውደርና ንጹሕ ዘይት ለጀርም አይመቹም። ክሬም፣ ሎሽን፣ ሻምፖ፣ ፈሳሽ ሳሙናና አብዛኛው ማስካራ ግን ውሃ በብዛት አለባቸው። በውሃው ላይ ስብ፣ ፕሮቲንና የዕፅዋት ጭማቂ ሲታከልበት ለሰው ቆዳ የተሰናዳው ቅባት ለጀርምም የተሰናዳ ማዕድ ይሆናል። የመታጠቢያ ቤቱ ሙቀትና እርጥበት የቀረውን ያሟላል።

የመራባታቸውን ፍጥነት ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ባክቴርያ በየ30 ደቂቃው ለሁለት ቢከፈል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ማታ የገባ አንድ ጀርም ጧት ሠራዊት ሆኖ ይጠብቃል ማለት ነው። ፕስዩዶሞናስ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ በጥቂት ነገር የሚኖር ፍጥረት ነው። በቧንቧ አፍ፣ በመታጠቢያ ሳህንና በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይጀምራል።

2. ከፋብሪካ የሚመጣ ብክለት

ጀርም ወደ መዋቢያ ዕቃ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፋብሪካው፣ ሁለተኛው የተጠቃሚው እጅ። ስለ መጀመሪያው የሕክምና ታሪክ ብዙ መዝግቧል።

በ1946 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ አራስ ሕፃናት በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። ምክንያቱ ሲፈለግ እትብታቸው ላይ የተነሰነሰው የታልክ ፓውደር ሆኖ ተገኘ። ታልክ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ስለሆነ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴርያ በደረቅ አፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚቆይበትን ጠንካራ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ደረቅ ነገር አይበከልም» ማለት አይቻልም። በደረቅ ነገር ላይ ጀርም አይራባም እንጂ ተኝቶ ሊጠብቅ ይችላል።

በ1960ዎቹ ዓመታት በስዊድን የተደረገ ምርመራ፣ ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ቅባት በፕስዩዶሞናስ ተበክሎ 8 ሰዎችን ክፉኛ እንዳሳመመ ገለጸ። በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ በአንድ ሆስፒታል ሠራተኞቹ እጃቸውን የሚቀቡት ክሬም በክሌብሲዬላ ተበክሎ ለሕሙማን የደም መመረዝ ምክንያት እንደ ሆነ አስረዳ። እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ የሚቀቡት ክሬም የታጠበውን መልሶ ያቆሽሸው ነበር። ነገሩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በባርሴሎና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው የነበሩ 5 ሰዎች በቡርክሆልዴርያ ሴፓሲያ ተለከፉ። ምንጩ ሰውነታቸው የሚቀባው ሎሽን ነበር፤ ባክቴርያውም ገና ካልተከፈቱ ዕቃዎች ውስጥ ጭምር ተገኘ።

ከእነዚህ አደጋዎች ትምህርት ተቀስሞ ሕግና ደረጃ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ በዓይን አካባቢ ለሚውል ወይም ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ለተዘጋጀ ዕቃ በ1 ግራም ውስጥ የሚፈቀደው የጀርም ቁጥር ከ100 አይበልጥም። ለሌላው መዋቢያ ወሰኑ 1,000 ነው። ፕስዩዶሞናስን የመሰሉ የታወቁ በሽታ አምጪዎች ደግሞ በ1 ግራም ውስጥ ፈጽሞ መገኘት የለባቸውም። በአሜሪካም መንግሥት የተበከለ መዋቢያ ከገበያ እንዲሰበሰብ የማስገደድ ሥልጣን በ2022 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ከታወቀ ሱቅ የተገዛ፣ ማሸጊያው ያልተነካና ጊዜው ያላለፈበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። በየመንገዱ ዳር ያለ መለያ ጽሑፍ የሚሸጠውን ወይም ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ የተገለበጠውን ግን ማንም ዋስ ሊሆንለት አይችልም።

3. ከእኛ እጅ የሚመጣ ብክለት

ጥፋቱ ሁሉ የፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለባለሥልጣን እንጂ ለእናንተ ባልጻፍን ነበር። አብዛኛው ብክለት የሚጀምረው ግን ዕቃው ተከፍቶ እጃችን ከገባ በኋላ ነው።

ፋብሪካው በቅባቱ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚያደርግ ማቆያ ኬሚካል ይጨምራል። ፓራቤንና ፌኖክሲኤታኖል የሚባሉት ከነዚህ መካከል ናቸው። የማቆያው መጠን የሚለካው በዕቃው ውስጥ ላለው ውሃና በየዕለቱ በጣት ለሚገባው ጥቂት ጀርም ብቻ ነው። በላዩ የቧንቧ ውሃ ስንጨምርበት ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ እንፈጽማለን። ማቆያውን እናቀጥነዋለን፤ አዲስ ጀርምም እናስገባበታለን። በምራቅ ማርጠብም ያው ነው። በማስካራ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ልማድ አለ። ብሩሹን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ደጋግሞ መግፋት አየር ያስገባል፣ ቀለሙን ያደርቃል፤ በሽፋሽፍት ላይ ያለውንም ጀርም ተሸክሞ ወደ ታችኛው ጥግ ያደርሳል።

በ1970ዎቹ ዓመታት ሉዊስ ዊልሰንና ዶናልድ አሄርን የተባሉ ሊቃውንት በአትላንታ ከተማ ይህን ጉዳይ መርምረዋል። አዲስ ማስካራ እምብዛም ጀርም አልተገኘበትም፤ ያገለገለው ላይ ግን ተገኘ። በ1977 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍም በተበከለ ማስካራ ምክንያት ዓይናቸው በፕስዩዶሞናስ ስለ ቆሰለ ሴቶች አስረድተዋል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ኮርኒያ ማለት የዓይንን ብሌን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ገጽ ነው። ገጹ ደኅና ሲሆን እንባው ያጥበዋል፣ የላይኛው ሽፋን ጀርም አያስገባም። ጥቂት ጫር ካለ ግን በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ፕስዩዶሞናስ ከገባ በኋላ ፕሮቲን የሚያሟሟ ኤንዛይም ያመነጫል፤ ኮርኒያውን በ2 ቀን ውስጥ እስከ መብሳት ሊያደርሰው ይችላል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለውም የሰውነት መከላከያ ቶሎ አይደርስለትም።

እኅታችን በሆስፒታል ሆና ስትጠየቅ አስታወሰች። ሰዓት ረፍዶባቸው ስትቸኩል ብሩሹ ዓይኗን ወግቷት ነበር። አራቱም የተኳሉት ከአንድ ዕቃ ነው፤ በሩ የተከፈተው ግን በእርሷ ዓይን ብቻ ነው። እኛ የሰጠናት ኮርቲዞን ደግሞ ሰውነቷ የሚያደርገውን ጥቂት መከላከል አዳከመው። ይህን የምንጽፈው አፍረን ነው፤ ሳንጽፍ ብንቀር ግን ይበልጥ ልናፍር ይገባን ነበር።

ሦስቱ ጓደኞቿ አለመታመማቸው ማስካራው ደኅና ስለ ነበር አይደለም። «እኔ ስጠቀምበት ዓመት ሆነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር ዋጋ የሌለውም ስለዚህ ነው።

በቅርቡም በእንግሊዝ አገር የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 467 ያገለገሉ መዋቢያዎችን መርምረው ውጤቱን በ2019 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከ10ሩ 8 ወይም 9 ያህሉ ባክቴርያ ተገኘባቸው። የባሰው ለፊት ቅባት ማሰራጫ የሚያገለግለው ትንሽ ስፖንጅ ነበር። ከስፖንጆቹ 93 በመቶ አንድ ጊዜ እንኳ ታጥበው አያውቁም፤ 64 በመቶው ደግሞ መሬት ወድቀው ተነሥተው ያገለገሉ ናቸው።

4. ስለ ኩላችን

«እኔ ማስካራ አላውቅም፤ የእናቴን ኩል ነው የምጠቀመው» የምትል እኅት ብትኖር፣ ለእርሷም የምንለው አለን። እስከ አሁን የተናገርነው በቅባቱ ውስጥ ስለሚራባ ጀርም ነው። ሳይራባ በመኳያው ላይ ተሳፍሮ የሚሄድም አለ።

የትራኮማ በሽታ አምጪ የሆነው ክላሚድያ ትራኮማቲስ በሰው ሕዋስ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይራባም። ስለዚህ በደረቅ ኩል ውስጥ አያድግም። ነገር ግን ከታመመ ዓይን የወጣ ፈሳሽ መኳያውን ካረጠበው፣ መኳያውም ወዲያው ወደ ሁለተኛው ዓይን ከዞረ፣ በሽታው አብሮ ይዞራል። ትራኮማ በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል፤ ለብዙ ሰው የሚያገለግል መኳያም ከነዚህ አንዱ ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውረዋል። አገራችን በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም እጅግ ከከበደባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። የእናትና የልጅ ፍቅር በአንድ መኳያ መገለጡን አንነቅፍም። መኳያው ሁለት ይሁን ነው የምንለው።

በዚህ አገር ገበያ ስለሚሸጠው ኩል አንድ ነገር እንጨምር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚሠሩት ጋሌና ከሚባል የእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይም ለሕፃናት አንጎል። ስለዚህ ይህን ኩል ገዝቶ ለታናናሾች በስጦታ መላክ አይገባም።

5. ለወንዶችም

እስከዚህ ድረስ ያነበቡ ወንድሞቻችን «ይህስ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ሳይገለብጡ፣ አንድ ታሪክ እንንገራቸው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ፊታቸው ላይ አባ ሰንጋ ወጣባቸው። ምንጩ የጢም መላጫ ብሩሽ ነበር። ብሩሹ ከተሠራበት የፈረስ ጸጉር ጋር የአባ ሰንጋ ዘር አብሮ መጥቶ፣ ምላጭ በጫረው ቆዳ ገባ። እዚህም ላይ ጫርና የተበከለ ዕቃ ሲገናኙ እናያለን። አንድ ምላጭ ለሁለት፣ አንድ ፎጣ ለክፍሉ ሁሉ፣ አንድ የጸጉር ቅባት ለፎቁ ሁሉ የሚለው ልማዳችን ከማስካራው የሚለየው በስም ብቻ ነው። ምላጭማ የጉበት በሽታ ቫይረስንም ያስተላልፋል። የመነጽር ምትክ በዓይናቸው የሚያደርጉም በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት አደራ እንላለን።

6. ማካፈል ሌላ፣ መንከር ሌላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በባዕድ አገር ያለን አንድ ሀብት ያለንን ተካፍለን መኖራችን ነው። «ኩልሽን አታውሺ፣ ቅባትህን ደብቅ» የሚል ትምህርት ብናስተምር የሚሰማን አይኖርም፤ ባይሰማንም ደስ ይለናል።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስታውስ። እኛ ከአንድ መሶብ የምንበላ ሕዝብ ነን። ከአንድ መሶብ ስለምንበላም ነው ከምግብ በፊት የእጅ ውሃ የሚቀርበው። አብሮ መብላትን ከመታጠብ ጋር ያስማሙ ወላጆቻችን የጀርምን ስም ሳያውቁ ሥርዓቱን ሠርተዋል። ለኩልና ለቅባትም እንዲሁ ያለ ሥርዓት ያስፈልገናል። ባጭሩ፣ ቅባት ይካፈሉታል እንጂ በየተራ ጣት አይነክሩበትም። ሥርዓቱንም እንደሚከተለው ጠቅልለን እናቀርባለን።

ሀ) ለዓይን የሚሆን ነገር ሁሉ፣ ማስካራም ሆነ ኩል፣ ከነመኳያው የአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ለ) ክሬም ሲካፈሉ በታጠበና በደረቀ ማንኪያ ቀንሰው በንጹሕ ዕቃ ይስጡ። ሲገዙም ጣት ከሚገባበት ሰፊ አፍ ዕቃ ይልቅ የሚጨመቀውን ይምረጡ።

ሐ) በደረቀ ማስካራ ላይ ውሃም ምራቅም አይጨምሩ። ከደረቀ ጊዜው አልቋል።

መ) በዕቃው ጀርባ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ቆርቆሮ የሚመስል ሥዕል ይፈልጉ። በውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት የወር ቁጥር ነው። የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ማስካራን ከ3 ወር በላይ ባያቆዩ ይመረጣል።

ሠ) ስፖንጅና ብሩሽ በሳሙና ታጥበው ፈጽመው ይድረቁ። እርጥቡን በከረጢት መዝጋት ጀርም ማርባት ነው።

ረ) ያለቀ የሳሙና ወይም የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ሌላ ሲጨምሩ፣ አስቀድመው ጠርሙሱን አጥበው ያድርቁት።

ሰ) ሽታው፣ መልኩ ወይም ውፍረቱ የተለወጠ ነገር ይጣል። ሽታው አለመለወጡ ግን ለንጽሕናው ማስረጃ አይሆንም።

ሸ) ዓይን ከታመመ በዚያን ሰሞን የተኳሉበትን ሁሉ መጠቀም ያቁሙ። አይጣሉት፤ ለሐኪሙ ያሳዩት።

የገንዘቡን ነገር አልዘነጋነውም። አንዲት ማስካራ የሁለት ቀን ምሳ ዋጋ ልታወጣ ትችላለች። ሳይኳሉ መዋል ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያለ ኩልም እኅቶቻችን ያው ናቸው።

7. ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጡ ምልክቶች

ዓይን ቀልቶ ሕመም ካለው፣ ብርሃን ካስፈራው፣ እይታ ከደበዘዘ፣ መግል ከወጣው ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከጓደኛ መሳቢያ የወጣ ጠብታ አይደረግም። በዚህ አካባቢ ብዙ መድኃኒት ቤቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ጠብታ ኮርቲዞን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቅላቱን ለአንድ ቀን አጥፍቶ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። እኛም የሕክምና ተማሪዎቹ ከዚያ ወዲህ አንድ ውሳኔ ወስነናል። የዓይን ሕመም ይዞ ለሚመጣ ጓደኛ ከእኛ የሚያገኘው ጠብታ ሳይሆን እስከ ሆስፒታል ድረስ የሚሸኘው ሰው ነው።

እኅታችን ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። በክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ ጠባሳው ከረጋ በኋላ ኮርኒያ ስለ መቀየር ሐኪሞቿ እየመከሩ ናቸው። ውሃውን የጨመረችው ጓደኛዋ ለብዙ ሳምንት እንባዋ አልደረቀም ነበር። ማንም አልወቀሳትም። የጨመረችው ውሃ ነው፤ ውሃ ክፉ ይሠራል ብሎ ማን ነግሯት ያውቃል? ያንን መንገር የእኛ የሕክምና ተማሪዎቹ ድርሻ ነበር። ዛሬ፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ነገርናችሁ። ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው፤ በደብዳቤም ለአገር ቤት እኅቶቻችሁ ጻፉላቸው።